ውለታ ይከፈላልን?

አማርኛ ተናጋሪ መልካም ነገር ሲደረግለት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለለመድነው ትርጉሙን ቆም ብለን አናስተውለውም። ቃሉ ሲፈታ ግን «እኔ የዋልክልኝን ልመልስ አልችልምና በእኔ ፈንታ እግዚአብሔር ይስጥህ» ማለት ነው። ተቀባዩ ዕዳ እንዳለበት ያምናል፤ ለመክፈል አቅም እንደሌለውም በዚያው አፉ ይናገራል። ያው ሕዝብ ግን በሌላ ጊዜ «ብድር በምድር» ይላል። በደግም በክፉም የሚነገር ቃል ቢሆንም በደግ ሲነገር፣ የተዋለልህን ሳትሞት ሳትለይ ለዋለልህ ሰው መልስ የሚል ትእዛዝ አለበት። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛውን እንያዝ? የወዳጅ ውለታ የሚከፈል ነገር ነው ወይስ አይደለም?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ከአንድ ወዳጄ ጋር ከቲካ ወደ ናይሮቢ ደርሶ መልስ በሄድንበት ቀን ነው። መጻሕፍቱን የገለጥኩት በኋላ፣ ያ ቀን እንቅልፍ ስለነሣኝ ነበር።

ነገሩ እንዲገባ ወደ ኋላ ትንሽ ልመለስ። ከ14 ዓመት በፊት ናይሮቢ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረም። ይህ ወዳጄ ያገር ልጅ መሆኔን በንግግሬ ለይቶ በመንገድ ላይ አናገረኝ፤ ያን ዕለት ማታ ፓንጋኒ ሰፈር ወደምትገኝ አንዲት ክፍሉ ወሰደኝ። አልጋው አንድ ነበር። እሱ ሌሊት ዳቦ ቤት ይሠራ ስለነበር ሌሊቱን እኔ እተኛበታለሁ፤ ጠዋት ሲመለስ እለቅለታለሁ። እንዲህ ሆነን 7 ወር ኖርን። በመካከሉ ታይፎይድ ሲጥለኝ ያሳከመኝም እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ኑሮ በየፊናችን ወሰደን። እኔ ቲካ ላይ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈትኩ። እሱም የራሱን ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ሰሞን ግን ሱቁ ተዘጋና ዛሬ እዚያው ቲካ ለሌላ ሰው ተቀጥሮ ይሠራል።

በዚያች ቀን ወረቀትና ቀለም ለመግዛት ወደ ናይሮቢ ስነሣ «ዛሬ ዕረፍቴ ነው፤ አብሬህ ልዋል» አለኝ። ደስ አለኝ። የደስታዬን ምክንያት ግን አልነገርኩትም። በኪሴ ውስጥ 60,000 ሽልንግ የያዘ ፖስታ ነበረ። ገንዘቡን እንዲሁ በግምት አላስቀመጥኩትም፤ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። የክፍሏ ኪራይ በወር 6,000 ነበር፤ የእኔ ድርሻ ግማሹ፣ በ7 ወር 21,000። ምግብ በወር 4,000፣ በ7 ወር 28,000። የሕክምናው 11,000። ድምሩ 60,000 መጣ። ለዓመታት በጫንቃዬ ላይ የነበረው ነገር በመጨረሻ ቁጥር ሆነልኝ፤ ቁጥር ደግሞ ይከፈላል።

ማታቱ ውስጥ ገና እንደተቀመጥን የተለመደው ትግል ተጀመረ። እኔ ስልኬን አውጥቼ በኤም-ፔሳ ልከፍል ስል፣ እሱ «በሞቴ!» እያለ ሳንቲሙን በረዳቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። ረዳቱ የሁለታችንን መጓተት እያየ ሳቀ። አገራችን ሰው ለመክፈል ሲጣላ እንጂ ላለመክፈል ሲጣላ ብዙ አይታይም። ይህን ብዙ ጊዜ በኩራት እንናገረዋለን። እኔም በዚያ ሰዓት በኩራት ሳቅሁ። ጁጃን፣ ሩይሩን፣ ጊቱራይን አልፈን ከተማ እስክንገባ ድረስ ስለ ፖስታው አልተነፈስኩም።

ሪቨር ሮድ ላይ ዕቃውን ገዝተን ለነጋዴው አደራ ትተን ወጣን። በሞይ ጎዳና ስናልፍ በቶም ምቦያ ሐውልት ሥር ጥቂት ቆምን። ምቦያ ገና የ38 ዓመት ጐልማሳ ሳለ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1969 የተገደለው በዚሁ ጎዳና ላይ ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ሌላ ስም ነበረው። ከመሞቱ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ወጣቶች በአሜሪካ ኮሌጆች እንዲማሩ ገንዘብና የትምህርት ዕድል ሲያሰባስብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የመጀመሪያው አውሮፕላን 81 ተማሪዎችን ይዞ በረረ። በተከታዩ ዓመት ከሄዱት አንዷ ዋንጋሪ ማታይ ነበረች።

ከዚያ በኬንያታ ጎዳና ወርደን ኡሁሩ ፓርክ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ፖስታውን ያወጣሁት እዚያ ነው። ወዳጄ ከፍቶ አየው፤ ከገንዘቡ ጋር ሒሳቡን የጻፍኩባትን ወረቀት ጨምሬበት ነበርና እሷን አንድ በአንድ አነበባት። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«የእንቅልፉንስ ስንት ብለህ ሠራኸው?» አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁና ተውኩት።

«ሒሳብ ልትዘጋ ነው እንዴ ወንድሜ?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ሱቅ ዘግቻለሁና አውቀዋለሁ። ሒሳብ የሚዘጋው ሱቅ ሲዘጋ ነው።»

ፖስታውን መልሶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። እኔም ተቀየምኩ። እሱ ዛሬ ኑሮ ከብዶታል፤ ልጅ አለችው፤ እኔ ደግሞ አለኝ። የያዝኩት ምጽዋት አይደለም፤ የገዛ ገንዘቡ ነው። ታዲያ እንቢታው ምንድን ነው? የዋለልኝን ውለታ ዕድሜ ልኬን እንደ ቀንበር እንድሸከመው ይፈልጋል ማለት ነው? ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም ዝም ብለን ሣሩን ስናይ ቆየን።

ከፓርኩ ወደ ኢስሊ ሄድን። ያገር ቤት ምግብ አዘን እስኪቀርብ ድረስ ወዳጄ እንደ ቀድሞው ያጫውተኝ ጀመር። ሒሳብ ሲመጣ እኔ እጄን ወደ ኪሴ ለመስደድ ፈራሁ። እሱ ግን አየኝና «ምን ትጠብቃለህ? አንተ ክፈል እንጂ! እኔ በኪሴ ምንም የለም» አለኝ። ከፈልኩ። ይህ ጭራሽ ግራ አጋባኝ። የ60,000 ሽልንግ ፖስታ የመለሰ ሰው ምሳውን ያለ ምንም እፍረት በእኔ ገንዘብ በላ። ኩራተኛ ቢሆን ምሳውንም እንቢ ባለ ነበር፤ ችግረኛነቱ የበረታበት ቢሆን ደግሞ ፖስታውን በወሰደ ነበር። እንግዲህ በምሳውና በፖስታው መካከል የመጠን ያልሆነ ልዩነት አለ ማለት ነው።

መልሱን ያገኘሁት ፓንጋኒ ነው። ወደ ቲካ የሚመልሰንን ማታቱ ከመያዛችን በፊት «አንድ ሰው እንይ» ብሎ በጠባብ መንገድ ይዞኝ ገባ። ከ14 ዓመት በፊት የኖርንበት ግቢ ነበር። የቤቱ ባለቤት የነበሩት አሮጊት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሾሾ» እያለ የሚጠራቸው፣ አሁንም አሉ። ወዳጄ ከቦርሳው 1 ኪሎ ያልተቆላ ቡና አውጥቶ ሰጣቸው። በየዓመቱ እንደሚያደርገው ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ለምን ቢባል፣ እኔ ታምሜ በነበረበት ጊዜ ገንዘቡ ሁሉ ለሕክምና ስለሄደ የ3 ወር ኪራይ መክፈል አቅቶት ነበር፤ እኚህ ሴት ተዉለት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከ60,000 ሽልንጌ ውስጥ ቢያንስ የ3 ወሩ ድርሻ፣ ማለትም 9,000ው የወዳጄ አልነበረም። ሒሳቤ ስሕተት ነበረበት።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ወዳጄ በስዋሂሊ ያን የ3 ወር ኪራይ ሲያነሣላቸው ሾሾ ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡና «እኔ? አላስታውስም» አሉ። ለትሕትና ያሉት አይመስለኝም፤ በእርግጥ ረስተውታል። ቡናው በየዓመቱ የሚመጣው ልጃቸው ስለሆነ ነው ብለው ነው የሚያስቡት።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ወደ መጻሕፍት የገባሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ውለታ ብቻ 7 መጻሕፍት ጽፏል። ከሕጎቹ አንዱ፣ ሰጪው የሰጠውን ወዲያው ይርሳ፣ ተቀባዩ ግን ፈጽሞ አይርሳ የሚል ነው። ሾሾ ሴኔካን አላነበቡም፤ ወዳጄም እንዲሁ። ሁለቱ ግን በአንድ ኪሎ ቡና ዙሪያ ያንን ሕግ ለዓመታት ሲጠብቁት ኖረዋል። ያው ፈላስፋ እኔን የሚመለከት ነገርም ጽፏል። ውለታን ለመመለስ ከመጠን በላይ የሚጣደፍ ሰው ዕዳ ውስጥ መሆኑን የሚጠላ ሰው ነው፤ ዕዳ ውስጥ መሆኑን የሚጠላ ደግሞ ምስጋና ቢስ ነው ይላል። ይህን ሳነብ ፖስታው ትዝ አለኝ።

አርስቶትል ደግሞ በሥነ ምግባር መጽሐፉ 8ኛና 9ኛ ክፍል ስለ ወዳጅነት ሲያትት፣ ውለታ የዋለ ሰው የተዋለለትን ከሚወደው ያነሰ እንደማይወደድ ሳይሆን አብልጦ እንደሚወድ ያስተውላል፤ ለምን እንደሆነም ይጠይቃል። ብዙ ሰዎች ነገሩን በአበዳሪና በተበዳሪ ይመስሉታል፤ ተበዳሪ አበዳሪው ባይኖር ይመርጣልና። እሱ ግን በዚህ አይረካም። ውለታ የዋለ ሰው እንደ ጥበበኛ ነው፤ ጥበበኛ የእጁን ሥራ እንደሚወድ እሱም የረዳውን ሰው ይወዳል ይላል። ይህ እውነት ከሆነ እኔ ለወዳጄ ዕዳው ያልተከፈለው ሰው አይደለሁም። ይልቁንም በዚያ ክፉ ጊዜ ከሠራቸው መልካም ሥራዎች አንዱ ነኝ። ሱቁ ቢዘጋም እኔ ቆሜ መሄዴ ለእሱ የቀረለት ነገር ነው። እኔ ደግሞ ይህን በ60,000 ሽልንግ ልገዛው ሄድኩ።

እዚህ ላይ ግን በእኔ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለና እንለፈው ማለት አይገባም። «ውለታ አይከፈልም» የሚለውን ቃል አጥብቀን ከያዝነው ሁለት ክፉ ሰዎችን እናደልባለን። የመጀመሪያው በወዳጅነት ስም ተበድሮ የማይመልስ ሰው ነው። ይህ ግን ቀላል ነው፤ ብድርና ውለታ የተለያዩ ናቸውና። ብድር ገና ሲጀመር መጠንና ቀጠሮ ተነግሮበታል፤ በቀጠሮው መመለስ አለበት። የሚያስቀር ሰው ወዳጅነትን ምክንያት ቢያደርግ ወዳጅነቱንም ሰርቋል። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው፤ ውለታ ውሎ በውለታው የሚገዛ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሰጠውን አይረሳም፤ በሰርግም በለቅሶም ያነሣዋል፤ ያበላውን እንጀራ በአደባባይ ይቆጥራል። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ጥናቱ የበርካታ ሕዝቦችን ልማድ መርምሮ፣ በስጦታ ውስጥ የመስጠት፣ የመቀበልና የመመለስ ግዴታ እንዳለ፣ መመለስ ያቃተውም ከሰጪው በታች እንደሚውል አሳይቷል። ከአገራችን ርቀን የምንኖር ሁሉ ይህን በቤታችን እናውቀዋለን። ገንዘብ ወደ ቤተሰቡ የሚልክ ሰው የላከውን እየቆጠረ የታናሽ እኅቱን ትዳር ሊወስን ሲቃጣው አይተናል። ከእንዲህ ያለው ሰጪ ነጻ ለመውጣት የሚቸኩል ሰው ምስጋና ቢስ አይባልም። ለእሱ መክፈል ነጻነት ነው፤ ይክፈልና ይውጣ።

ወዳጄ ግን እንዲህ ያለ ሰጪ አልነበረም። በ14 ዓመት ውስጥ ያን 7 ወር አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣብኝም። ታዲያ ከማን ነጻ ልወጣ ነበር? ይህን ጥያቄ በሐቅ ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። መልሱ የሚያኮራኝ አይደለም። ፖስታውን ያዘጋጀሁት ስለ እሱ ችግር አስቤ አልነበረም። ስለ ልጁ ትምህርት፣ ስለ ኪራዩ አልጠየቅሁትም፤ ሒሳቡ ሁሉ የተሠራው በእኔ ያለፈ ዘመን እንጂ በእሱ ዛሬ ላይ አልነበረም። እኔ የፈለግሁት አንድ ጊዜ በሰው አልጋ የተኛሁ ሰው መሆኔ እንዲሰረዝልኝ ነው። እሱም ይህን ወረቀቷን ሲያነብ አወቀ። ምሳውን የበላው ስለተራበና እኔም ስለያዝኩ ነው፤ ምሳ ከዛሬ ሰው ለዛሬ ረሃብ የተሰጠ ነው። ፖስታው ግን ለእሱ የተዘጋጀ ቢመስልም ለእኔ ነበር።

የአገራችን ገበሬ ይህን ልዩነት ከጥንት ያውቀዋል፤ ለሁለቱ ዓይነት መረዳዳት ሁለት ስም አውጥቶለታል። ወንፈል የሚባለው ይቆጠራል፤ አንድ ቀን ያረስክልኝን አንድ ቀን አርስልሃለሁ። ደቦ ግን አይቆጠርም፤ የተጠራ ይመጣል፣ በልቶ ጠጥቶ ሠርቶ ይሄዳል። በከተማም ዕቁብና ዕድር እንዲሁ ናቸው። በዕቁብ ያዋጣኸውን ያህል በተራህ ትወስዳለህ፤ ሒሳቡ በመጨረሻው ዙር ይዘጋል። በዕድር ግን ብዙ ዓመት ከፍሎ ለቅሶ ያልደረሰበት ሰው «ከሰርኩ» አይልም፤ ያልወሰደው ገንዘብ ደስታው ነው። ወዳጅነት እንደ ዕድር እንጂ እንደ ዕቁብ አይደለም። መዋጮው አለ፤ ግዴታውም አለ። የሚከፈለው ግን ሐዘን ለደረሰበት እንጂ ትናንት ለከፈለው አይደለም። ስለዚህ ወዳጄ ለእኔ የዋለውን ለእሱ መመለስ የግድ አይደለም፤ በደረሰበት ጊዜ አጠገቡ መገኘት ግን የግድ ነው።

ይህ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚቀር አይመስለኝም። ፖስታውን ባወጣሁበት ሣር ላይ እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥት 60 ፎቅ ያለው ሕንጻ ሊያቆም አስቦ ነበር። ያንን የተቃወመችው በምቦያ ዘመን ወደ አሜሪካ ከሄዱት ተማሪዎች አንዷ የነበረችው ዋንጋሪ ማታይ ናት። በፓርላማ ተሰደበች፤ ከቢሮዋም እንድትለቅ ተደረገ፤ ሕንጻው ግን ቀረ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች፤ በ2011 አረፈች። ምቦያ ፓርኩ ከመትረፉ 20 ዓመት በፊት ሞቷል፤ ለእሱ የምትመልስለት ነገር አልነበረም። የሰው ውለታ ያስተማራት ሴት ብድሯን ለማታውቃቸው ሰዎች ከፈለች። ከእነዚያ ከማታውቃቸው መካከል ከቲካ የመጡ ሁለት ኢትዮጵያውያን አሉ። ለእሷ ምን ፖስታ ይዘጋጅላታል? ሾሾንስ በ9,000 ሽልንግ እናሰናብታቸው? አንዳንድ ነገር ወደ መጣበት አይመለስም፤ ወደፊት ብቻ ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ «ብድር በምድር» እና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚጣሉ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ውለታን እንዳንረሳ ያስገድደናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ውለታን አስልተን ልንገላገለው እንዳንሞክር ይከለክለናል። መልስ፤ ነገር ግን የምትመልሰው ለመገላገል አይሁን። ስጥም፤ ነገር ግን ስትሰጥ የምታየው የሰውየውን ዛሬ እንጂ የራስህን ትናንት አይሁን። ለመቀበልም ድፍረት ያስፈልጋል። በወዳጅ ፊት ባለዕዳ ሆኖ ሳይሸማቀቁ መቆም ከመክፈል የሚከብድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከዚያ ጉዞ 3 ወር ያህል በኋላ ወዳጄ ደወለልኝ። «የልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። 20,000 ሽልንግ ጎድሎኛል፤ መቼ እንደምመልስ አላውቅም» አለኝ። የተለማመጠበት ድምፅ አልነበረም፤ ምሳውን «አንተ ክፈል» ያለበት ድምፅ ነበር። ወዲያው ላክሁለት። ወረቀት አላወጣሁም፤ ከ60,000ው ላይም አልቀነስኩም። ገንዘቡ እንደደረሰው መልሶ ደወለና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ።

ለዚህ ቃል አገራችን ያቆየችው መልስ አለ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሳላስተውል ስለው ኖሬአለሁ፤ በዚያን ቀን ግን እያንዳንዱን ፊደል እየሰማሁ አልኩት። «አብሮ ይስጠን።»